ምዕራፍ ስድስት፦ የብድር ጣሪያና የበርበሬ ወራት

ከቡታጅራ ተነሥቶ ቀድሞ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ከተማ የሚጓዝ ሰው ቆሼን ሳያያት አያልፍም። ቆሼ ሲባል በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ብዙ ነፍስ የጠፋበት የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ትዝ የሚለው አንባቢ ቢኖር፣ ይህችኛዋ ቆሼ ሌላ መሆኗን አስቀድሜ ላስታውቅ፤ ይህች የማረቆ ምድር ዋና ከተማ፣ ሊቢዶ የተባለው ቋንቋ የሚነገርባት፣ ከተማይቱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «የማረቆ በርበሬ» እያለ አገሯን በየማጀቱ የሚያነሣላት ናት። «ማረቆ ፋና» የተባለው የበርበሬ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው።

በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ገበያው በቀይ ዛላ ተሸፍኖ ሳለ፣ አንዲት ነጋዴ በርበሬ ስትገዛ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ባለቤቱ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ሊያሳያት ቢሞክር እንዳላየች አልፋ፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ከሥር አንድ ዛላ መዘዘች፤ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የተረጨ በርበሬ የሚደበቀው ከሥር ነውና። ዛላውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ፍሬው በውስጡ ሲንኳኳ አዳመጠች፤ ቀለሙን ወደ ፀሐይ አዙራ አየች፤ ከዚያም ዋጋዋን ተናገረች። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ነገር ግን አምስት ጆንያ ብቻ ገዝታ፣ ከዚያው ከጥሩው በርበሬ የቀረውን ሌላ ሰው ሲጭነው ዝም ብላ አየች። ምነው ብዬ ብጠይቃት፣ በጥቅምት ወር ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄዳ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታዛንፍ የከፈለችው ብድር ጣሪያው ከፍ እንዲልላት ማመልከቷንና መከልከሏን ነገረችኝ። ያነጋገራት ወጣት በአክብሮት፣ «እናቴ፣ ማመልከቻዎ ታይቷል፤ አልጸደቀም፤ በነበረው መጠን ይቀጥሉ» አላት። እርስዋም፣ «ልጄ፣ እኔን ነው ያላመናችሁት ወይስ ገንዘቡ ነው የሌለው?» ብላ ጠየቀችው። «ሲስተሙ ነው የመለሰው» አላት፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ይህ ምዕራፍ የሚጻፈው ለዚህች ሴት ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። ጥያቄዋ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ አንደኛው ስለ ተበዳሪው ባሕርይ፣ ሁለተኛው ተበዳሪው ጨርሶ ስለማያየው ስለ አበዳሪው ጓዳ ነውና።

አስቀድሞ የቃሉን ነገር እንመልከት። ብድር ማለት ተቈጥሮ የተሰጠ ገንዘብ ነው፤ ጣሪያ ግን ገና ያልተሰጠ ገንዘብ ተስፋ ነው፤ አበዳሪው «እስከዚህ ድረስ አምንሃለሁ» ብሎ በልቡ ያሠመረው መሥመር ነው። ፈረንጆች ብድርን የሚጠሩበት ክሬዲት የተባለው ቃል መነሻው «ማመን» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ እኛም በገንዘብ ነገር የተፈተነን ሰው «ታማኝ» ስንለው ከዚያው ከአምነ ሥር እንቀዳለን። በወንጌል የተነገረው የመክሊት ምሳሌም፣ መንፈሳዊ ምሥጢሩ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በውጭ ገጽታው የጣሪያ ነገር ነው፤ በጥቂቱ የታመነው አገልጋይ በብዙው ላይ ይሾማልና።

የአገራችን ሰው ይህን ሥርዓት ለማወቅ ባንክ እስኪከፈትለት አልጠበቀም። በየሰፈሩ ያለ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው፤ አዲስ ለመጣ ጎረቤት መጀመሪያ ስኳርና ሳሙና ይሰጣል፤ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ሒሳቡ ሲዘጋለት በሚቀጥለው ወር ዘይቱንም ይጨምራል፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ጤፉን በኩንታል ቢወስድ አይጠይቀውም። ማንም ማመልከቻ አልጻፈም፣ ማንም አልፈረመም፣ ጣሪያው ግን ከፍ ብሏል። ያ ጎረቤት ሁለት ወር ቢያዘገይ ደግሞ ባለሱቁ ሳይቆጣ፣ ደብተሩንም ሳያነሣ፣ «ዘይት አልመጣም» ይለዋል፤ ሰውዬውም ዘይቱ ከባለሱቁ ጀርባ ተደርድሮ እያየ ነገሩ ይገባዋል። የባለሱቁ ብልጫ በዓይኑ ማየቱ ነው፦ ማን ልጁ ታሞ እንዳዘገየ፣ ማን በመጠጥ እንዳባከነ ለይቶ ያውቃል።

የማያውቁትን ማበደር በመጣ ጊዜ ግን ዋስና መያዣ ግድ ሆነ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ልቃሕ፣ ማለትም ስለ ብድር፣ ሥርዓት ሲደነግግ ርዴን፣ ይኸውም አራጣን፣ ይከለክላል። የጥንቱ የዳኝነት ልማዳችን ደግሞ አበዳሪንና ባለዕዳን ልብስ ለልብስ አቆራኝቶ ወይም በሰንሰለት አስሮ፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ነገሩ ዳኛ ፊት እስኪቆም አብሮ ያኖራቸው ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ቅሬታ ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ በሩን ሲከፍት አዲስ ዓይነት አበዳሪ ወደ አገራችን ገባ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ ሊዋዋሉበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ። ይሁንና ባንኩ ለብዙ ዘመን የተመለከተው ቤትና መሬት፣ መኪናና ፋብሪካ ያለውን ሰው ስለ ነበረ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ እናትና አያት የባንክ ጣሪያ ምን እንደሚመስል ሳያውቁ ኖሩ።

እነርሱን የያዛቸው ዕቁቡ ነው። ስለ ጉራጌ ነጋዴ የጻፈ ሁሉ ዕቁብን ሳያነሣ አላለፈም፤ በእውነትም ከመርካቶ ሱቅ ብዙው የተቋቋመው በዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕቁብ ቍጠባም ብድርም ነው፦ ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ከባልንጀሮቹ ተበድሯል፣ በመጨረሻ የወጣለት ደግሞ አበድሯል፤ በመካከሉ ያለው ከሁለቱም ቀምሷል። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ የዕቁቡ ዳኛ ዋሱን አይቶ ይቀበላል ወይም «ሌላ አምጣ» ይለዋል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ የሚሻም ሰው ግማሽ ዕጣ የነበረውን ሙሉ፣ ሙሉ የነበረውን ሁለት አድርጎ ይገባል፤ ይህን የሚፈቅዱለት ወይም የሚነፍጉት በየሳምንቱ መዋጮውን ይዞ መምጣቱን ያዩት ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለው፣ ሸክሙም እምነቱም ተከፋፍሎ ይያዛል። እኔ ዕቁብን እንደ ኋላ ቀር ነገር ከሚመለከቱት ወገን አይደለሁም፤ አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ዕጣው የሚወጣው በራሱ ቀን እንጂ በርበሬው በሚደርቅበት ቀን አይደለም።

በዚህ ክፍተት ውስጥ አነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ገቡ። አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ በየክልሉ ተቋቋሙ፤ በደቡብ የተመሠረተው ኦሞ ማይክሮፋይናንስ፣ በቅርቡ ወደ ባንክነት ያደገው፣ አንዱ ነው። በመጀመሪያው መመሪያ ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጠው ብድር ከ5000 ብር፣ የመክፈያውም ጊዜ ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ኋላ ገደቡ ተነሣ። መያዣ የሌላቸው ጎረቤታሞች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዋስ እየሆነ ይበደራሉ፤ ዘንድሮ በቀኑ የከፈለ ቡድን ለከርሞ ከፍ ያለ መጠን ይፈቀድለታል፤ አንዱ ቢያጎድል ግን የሁሉም ጣሪያ ባለበት ይቆማል። በዚህ መሰላል ወጥተው ከቡድን ወደ ግል ብድር የተሻገሩ ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ያች ነጋዴም ከነርሱ አንዷ ናት።

እንግዲህ ወደ ክልከላዋ እንመለስ። አበዳሪ የጣሪያ ማሻሻያ ማመልከቻ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያየው የኋላውን አከፋፈል ነው፤ ከፈለ ወይስ አልከፈለም የሚለውን ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ቀን ከፈለ የሚለውንም። ገንዘቡን በእጁ ይዞ «ነገ እሄዳለሁ» እያለ አምስት ቀን ያሳለፈ ሰው ራሱን ከፋይ አድርጎ ይቈጥራል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አምስት ቀን የዘገየ ሰው ነው። ቀጥሎም በብሔራዊ ባንክ ካለው የብድር መረጃ ማዕከል በሌላ ባንክ ያለበትን ዕዳ ይጠይቃል። ተበዳሪው ለዘመዱ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ፣ ያ ፊርማ ዕዳው ሆኖ ሊቈጠርበት ይችላል፤ ይህን ባለማወቅ ስንቱ ቸር ሰው በማይበላው ብድር ጣሪያው ዝቅ ብሎበታል! ከዚያም የመያዣው ግምት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚያስቡት ይህ ብቻ እንደሆነ ነው፤ በእርግጥ ግን መያዣ ብድሩ ሲበላሽ የሚነሣ የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ ብድሩን የሚከፍለው አይደለም።

ብድሩን የሚከፍለው የሚገባው ገንዘብ ነው፤ የቆሼው ችግር ሁሉ የተጠመጠመውም በዚህ ላይ ነው። በርበሬ ችግኙ በመደብ የሚፈላው በበልግ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ዝናቡ ከበዛ ሥር አበስባሽ በሽታ ይገባበትና በሳምንት ውስጥ ማሳው ይጠወልጋል፤ ከተረፈ በጥቅምትና በኅዳር ቀልቶ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይደርቃል። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም የገበሬውም የነጋዴውም የባንክ ደብተር ባዶ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ይሞላል። ባንኩ የስድስት ወር እንቅስቃሴ አሳዩኝ ሲል፣ ነጋዴዋ ደግሞ ገንዘቡን የምትሻው ለኅዳር ገበያ ስለሆነ በጥቅምት ስታመለክት፣ በፊቱ የሚዘረጋለት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ በጣም የደረቀው። ልክ በርበሬን በሐምሌ ማሳ ላይ አይቶ «ይህ ቅጠል እንጂ በርበሬ አይደለም» ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ፈራጁ ክፉ አይደለም፤ ያየው እውነት ነው፤ የተሳሳተው ያየበት ወር ነው። ክፍያውም በየወሩ እኩል እንዲሆን ሲጠየቅ ይኸው ስሕተት ይደገማል፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ዛላው ገና በስጡ ላይ ሳለ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ በሆነበት ሳምንት ነውና፣ ነጋዴዋ ለመክፈል ስትል ያለ ጊዜው ትሸጣለች። በእኔ አስተያየት ለማረቆ ሰው ከጣሪያው ከፍታ ይልቅ የክፍያው ወር መስተካከል ይበልጥበታል፤ ጣሪያው ከፍ ብሎ ክፍያው በኅዳር የሚጀምር ብድር፣ ዝቅ ብሎ በየካቲት ከሚጀምረው ይከብዳል።

የጥያቄዋ ሁለተኛ ክፍል የአበዳሪው ጓዳ ነው። ተበዳሪ ጣሪያ እንዳለበት ሁሉ ባንኩም ጣሪያ አለበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል፣ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ይህ ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 24 ከፍ ተደረገ። ውሳኔውን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ የኑሮ ውድነት ከሁሉ ይልቅ የሚያደቅቀው ድኃውን ነውና። ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ በቅርንጫፍ ደረጃ አስቡት፦ ለዓመቱ የተመደበው ልክ ሲሞላ፣ በቀኑ የከፈለውም ያልከፈለውም፣ መያዣ ያለውም የሌለውም ከአንድ በር ይመለሳል፤ ቦታው ጠባብ በሆነ ጊዜ ደግሞ አንድ ትልቅ ብድር መስጠት መቶ ትናንሽ ጣሪያዎችን ከማንሣት ይልቅ ለባንኩ ይቀላል። ያን ጊዜ ነጋዴዋ የተከለከለችው በባሕርይዋ አይደለም፤ ይህን የሚነግራት ባለመኖሩ ግን በሰፈር ሰው ዘንድ እንደተነወረች ሆና ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ለዕቁብ ባልንጀሮቿም ሳትናገር ትቀራለች።

ወለድን ስለ ሃይማኖታቸው የማይነኩ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች በዚህ አገር ስላሉ አንድ ቃል ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሳሰሉ ወለድ አልባ ባንኮች በሙራበሐ ውል ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው ትርፉን አስታውቀው በዱቤ ይሸጣሉ፤ እዚያም ጣሪያ አለ፣ የሚለካው ግን በሚገዛው ዕቃ ነው።

የሰለጠነው ዓለም ይህን ነገር በካርድ ነው የሚያውቀው። በአገራችን የምንይዘው የባንክ ካርድ በአመዛኙ የራሳችንን ገንዘብ የምናወጣበት ነው፤ የእነርሱ የክሬዲት ካርድ ግን ጣሪያው ድረስ የባንኩን ገንዘብ የሚያወጡበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርንያ በፍሬዝኖ ከተማ 60 ሺህ ያህል ካርዶች ማንም ሳይጠይቀው ለነዋሪው ላከ፤ ሳይመረምር ስላመነም ብዙ ገንዘብ ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ወደ ቍጥር ተለወጠ፦ ከ1989 ጀምሮ ፋይኮ የተባለው ነጥብ ሰውን ከ300 እስከ 850 ይመድበዋል፤ ከዚህም 35 በመቶው በቀኑ ለመክፈል፣ 30 በመቶው ያለበት ዕዳ ከጣሪያው ጋር ለሚኖረው ልክ ነው። ጣሪያውን አሟጦ የተጠቀመ ሰው እንደ ተቸገረ ይቈጠራል፤ ትንሽ ነክቶ የተወው ይታመናል። ይህ ሕግ ወደ ቆሼ ቢመጣ፣ በኅዳር ሙሉውን ወስዳ በግንቦት ሙሉውን የምትመልሰውን ሴት በየዓመቱ በኅዳር ከወንጀለኛ ይቈጥራታል። አሜሪካ የሚገቡ ወገኖቻችንም የሚገጥማቸው መጀመሪያ ይህ ነው፦ በአገራቸው ሃያ ዓመት ያልተነቀፈ ነጋዴ በዚያ ታሪክ የሌለው ሰው ሆኖ፣ የራሱን ጥቂት መቶ ዶላር አስይዞ በዚያው ልክ ካርድ ይቀበላል፤ ጎን ለጎንም ዕቁቡን ይጥላል።

ከዚያ አገር ሥርዓት ግን አንድ የምቀናበት ነገር አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በወጣው የእኩል ብድር ዕድል ሕግ መሠረት፣ አበዳሪ ማመልከቻ ሲከለክል ምክንያቱን ለይቶ ለአመልካቹ ማስታወቅ ወይም ምክንያቱን የመጠየቅ መብት እንዳለው መንገር አለበት፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መድረስ ይገባዋል። «መሥፈርቱን አላሟሉም» ማለት ብቻ አይበቃም። ይህ ትንሽ ደብዳቤ ለተበዳሪው ከብድሩ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው የሚያቃናውን ያውቃልና።

በእኛ አገር ጣሪያውን የሚወስነው እጅ ዛሬ ከጠረጴዛ ወደ ስልክ እየተሻገረ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድርና ሒሳብ ሲያንስ የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን አመጣ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ደግሞ በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት በሆነው «ሚቹ» በተባለ ስም ያለ መያዣ ያበድራል። በእነዚህ ዘንድ ጣሪያው የሚያድገው በሰውዬው እንቅስቃሴና ባለፈው አከፋፈሉ ነው፤ አንዲት ነጋዴ የበርበሬዋን ዋጋ በእጅ ከምትቀበል በስልኳ ብትቀበል፣ የማይታየው ንግዷ ይታያል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ቢሆንም የስልኩ መስኮት «ለዚህ አገልግሎት ብቁ አይደሉም» ብሎ ሲዘጋ፣ ወጣቱ ሠራተኛ «ሲስተሙ ነው» ካለው የተሻለ ቃል አልተናገረም። ባለሱቁ እንኳ «ዘይት አልመጣም» ሲል ዓይን ለዓይን ይታይ ነበር።

በሕጉ በኩልም በር ተከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ከብትም ሆነ ሰብል ወይም በመጋዘን ያለ ሸቀጥ፣ ተመዝግቦ ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። እንግዲያውስ በጎተራ የተከመረ፣ በሚገባ የደረቀና የተመዘነ በርበሬ ለባለቤቱ ጣሪያ ሊያነሣለት ይችላል ማለት ነው፤ ነገር ግን ዛላን ወደ ጆሮው አስጠግቶ የሚነቀንቅ ገማች ባንኩ ሊኖረው ይገባል፤ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በርበሬ በሁለት ወር ይሻግታልና።

ያችን ነጋዴ በዓመቱ እንደገና አገኘኋት። ባለ አርባ ስምንት ቅጠል የተማሪ ደብተር ገዝታ፣ ከማን ስንት ኪሎ እንደ ገዛች፣ በስንት እንደ ሸጠች፣ በየትኛው ቀን ገንዘቡ እንደ ገባ ልጇ በየገጹ ጽፎላት ነበር፤ የሚዛኑን ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ከየገጹ ጋር አያይዛዋለች። የሄደችውም በጥቅምት ሳይሆን በሰኔ፣ የታኅሣሥና የጥር ገቢዋ ገና ከስድስቱ ወር ውስጥ ሳለ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ያው ነበር። ደብተሩን ገልጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ኮምፒዩተሩንም አየ፤ ከዚያም፣ «እናቴ፣ የእርስዎ ነገር ጥሩ ነው፤ ከጠየቁት ግማሹን ነው የምንችለው፤ የቀረው በእርስዎ አይደለም፣ ቅርንጫፉ የተመደበለትን ጨርሷል» አላት።

«ገንዘቡ ነው በለኛ!» አለችው። «እንዲያ ከሆነ ለቀረው ሲለቀቅላችሁ እመለሳለሁ። አሁን ግማሹን ጻፍልኝ፤ ክፍያውን ግን ከየካቲት ጀምርልኝ።»